በጠነከረ ሙጫ የተሞላ የኤሌክትሮኒክስ ሞጁል፦ ምኑ ይከፈታል፣ ምኑ ይተዋል?

ጥያቄ፦ «የሞተር መቆጣጠሪያ ሞጁል ሥራ አቆመብኝ። አሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ያለ ሲሆን ከላይ እስከ ታች በጥቁርና ጠንካራ ሙጫ ተሞልቷል። ሦስት ቀን አሴቶን ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ምንም አልሆነም። በሆት ኤር ጋን ሳሞቀው ደግሞ ጨሰ እንጂ አልቀለጠም። ቦርዱንና በላዩ ያሉትን ክፍሎች ሳይጎዳ ሙጫውን ብቻ የሚያሟሟ ኬሚካል የትኛው ነው? ጠግኜው መልሼ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ እንዲህ ያለ ኬሚካል የለም። ፈልገው ስላጡት ሳይሆን ቁሱ ራሱ ስለማይፈቅድ ነው። ጥቁርና ጠንካራ ያሉት ሙጫ በአብዛኛው ኢፖክሲ ነው። አረንጓዴው ቦርድም የመስታወት ክር በኢፖክሲ ተነክሮ የተሠራ ነው። የአይሲዎቹ (በቦርዱ ላይ ያሉት ቺፖች) ጥቁር ገላም ኢፖክሲ ነው። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አንዱን የሚበላ ፈሳሽ ሌሎቹንም ይበላል፤ ልዩነታቸው የሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «ምን ያሟሟዋል?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉትና «የቱን ቦታ ምን ያህል ልክፈት?» በሚለው ይተኩት። ሙጫውን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ ቦርዱን እንደ አዲስ ማውጣት በተግባር የሚሳካው ሙጫው ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነው።

«ጨሰ እንጂ አልቀለጠም» ያሉት ትክክል ነው፤ ሊቀልጥም አይችልም። ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅለው የሚጠነክሩ ሙጫዎች ሲደርቁ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ ተሳስረው አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። ይህ መረብ እንደ ሻማ ቀልጦ የሚፈስበት የሙቀት መጠን የለውም። ቀዝቃዛ ሳለ እንደ መስታወት ደረቅ ነው፤ ከአንድ ነጥብ በላይ ሲሞቅ እንደ ወፍራም ቆዳ ይለሰልሳል፤ ከዚያም አልፎ ሲሞቅ ይከስላል፣ ይጨሳል። ኢፖክሲው የሚለሰልስበት ነጥብ እንደ ማድረቂያው ዓይነት ይለያያል፤ ለመሙያ ከሚውሉት ብዙዎቹ ከ50 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው መካከለኛው ደረጃ ብቻ ነው። ጭስ ካዩ አልፈውታል። በዚያ ላይ የከሰለ ሙጫ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በተለይ የመስመር ቮልቴጅ (ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው) በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከቀረ አዲስ ብልሽት ፈጠሩ ማለት ነው።

አሴቶንን በተመለከተ፣ በደንብ የደረቀ ኢፖክሲን አያሟሟም። ቢበዛ ድብልቁ ሳይመጣጠን ቀርቶ በቅጡ ያልደረቀውን ገጽ ያለሰልሳል። ሦስቱን ቀን ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፦ በሽቦዎቹ ሽፋን ሥርና በሣጥኑና በሙጫው መካከል ባለው ስስ ክፍተት ዘልቆ ሊሆን ይችላል፤ ኤቢኤስ ወይም ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሶኬት ካለም ሰንጥቆት ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስበው የሥራዎ ቅደም ተከተል ነው። አሴቶን የሚፈላው 56 ዲግሪ ላይ ነው፤ ተኑ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ላይም ቢሆን እሳት ካገኘ ይያያዛል። ሆት ኤር ጋን ውስጥ ደግሞ የጋለ ሽቦ አለ። አሴቶን የጠጣ ዕቃ ላይ ሆት ኤር ማዞር እሳት መጥራት ነው። አሁን ሞጁሉን አየር በሚዘዋወርበት፣ ከእሳትና ከብልጭታ በራቀ ቦታ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። የአሴቶን ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ምንም ሙቀት አይንካው።

ቀጥሎ ሙጫው በእርግጥ ምን እንደሆነ ይለዩ። ቀለሙ አይረዳዎትም፤ ጥቁር ኢፖክሲ፣ ጥቁር ፖሊዩሬቴንና ጥቁር ሲሊኮን ሁሉም አሉ። ከቦርዱ የራቀ ጥግ መርጠው በጥፍር ይጫኑት፣ ከዚያም በመርፌ ይውጉት። ጥፍር የማይቀበል፣ መርፌም የሚያንሸራትት ከሆነ ኢፖክሲ ነው ብለው ይነሱ። መርፌው ገብቶ ሲወጣ ቀዳዳው መልሶ የሚዘጋና እንደ ጎማ የሚለጠጥ ከሆነ ፖሊዩሬቴን ወይም ሲሊኮን ነው። ሁለቱን ለመለየት ስንጥር የምታህል ቁራጭ ከሞጁሉ አርቀው፣ ደጅ ላይ፣ በወረንጦ ይዘው እሳት ያስነኳት። ሲሊኮን ነጭ አመድ ይተዋል፤ ፖሊዩሬቴን ግን እየጠቆረና እየተጣበቀ በሚከረፋ ጭስ ይነዳል። ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ፣ ጭሱንም አይሳቡት። በጣም ያረጁ ዕቃዎች ውስጥ ሬንጅ ወይም ሰም ሊገኝ ይችላል። እውነትም የሚቀልጡት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ በመጠነኛ ሙቀት ይፈሳሉ፣ የቀረው በነጭ ጋዝ ይጠረጋል።

መፈልፈል ከመጀመርዎ በፊት ከውጭ የሚለካውን ሁሉ ይለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ግማሹ ጥገና ግን እዚህ ያልቃል። የሞተር መቆጣጠሪያ ስለሆነ ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያ ላይ ያድርጉ። ቀዩን ጫፍ በኔጌቲቭ መግቢያው፣ ጥቁሩን በየተራ በሞተሩ መውጫዎች ላይ ያኑሩ። ከዚያ ጥቁሩን በፖዘቲቭ መግቢያው አድርገው ቀዩን በየመውጫዎቹ ያዙሩ። ጤነኛ ከሆነ ሁሉም መውጫዎች ተቀራራቢ ንባብ ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 ቮልት ነው። አንዱ ዜሮ ካሳየ ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኗል። የኃይል ትራንዚስተር እንዲህ ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚያዘውን ሾፌር አይሲ ይዞ ስለሚሄድ፣ በኢፖክሲ በተሞላ ሞጁል ውስጥ ሁለቱንም መቀየር አይመከርም፤ ሞጁሉን ይተኩ። ሁሉም መውጫ ደህና ሆኖ ሞጁሉ ግን ፈጽሞ የማይነሳ ከሆነ ተስፋ አለ። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት ሽቦው ወደ ሙጫው የሚገባበት ብየዳ፣ ፊውዙ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርና የመቆጣጠሪያውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍል ናቸው። ሽቦ በንዝረት የሚሰበረው በአብዛኛው ከሙጫው በሚወጣበት ጠርዝ ላይ፣ ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ሽቦውን ቀስ ብለው እያንቀሳቀሱ ንባቡ ይቆራረጥ እንደሆነ ይመልከቱ።

ሞጁሉ በመስመር ኃይል የሚሠራ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለው። የመግቢያው ሽቦ ላይ ዜሮ ቮልት ማንበብ ዋናው ካፓሲተር ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ሬክቲፋየር በመካከል ስላለ ከመግቢያው በኩል አይታይም። 230 ቮልት የገባለት ካፓሲተር 325 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ የማራገፊያው ሬዚስተር ከተቃጠለ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል። የዲሲ ተርሚናል ከውጭ ካለ በ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አራግፈው መልሰው ይለኩ። ከሌለ የካፓሲተሩ እግሮች ተገልጠው እስኪለኩ ድረስ ሙሉ እንደሆነ ቆጥረው በብረት መሣሪያ አይጠጉት።

ውስጡ የት ምን እንዳለ ሳያውቁ መቆፈር በጨለማ መቁረጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የራጅ ፎቶ ነው፤ ሙጫው ብዙም አይታይም፣ መዳቡ፣ ብየዳውና የካፓሲተሮቹ ቅርጽ ግን ጎልቶ ይወጣል። ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ ሌላ የሞተ ሞጁል ካገኙ እሱን ሠውተው፣ እያጠፉም ቢሆን እስከ ቦርዱ ቆፍረው፣ በየደረጃው በማስመሪያ እየለኩ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በኋላ ዋናውን የሚቆፍሩት በካርታ ነው።

አሉሚኒየሙን ሣጥን በተመለከተ፣ ሙጫውን ከሣጥኑ ውስጥ ፈልፍሎ ከማውጣት ሣጥኑን ከሙጫው ላይ መግፈፍ ይቀላል። የግድግዳውን ውፍረት ጠርዙ ላይ ይለኩ። በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ውፍረቱን ሊጨርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቁመቱን ይሰንጥቁና የቀረውን ፈልቀው ይክፈቱ። ኢፖክሲ ሲቀዘቅዝ ከአሉሚኒየም በላይ ስለሚሰበሰብ፣ ከመክፈቱ በፊት ጥቂት ሰዓት በእርጥበት መከላከያ ከረጢት አሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ግድግዳውን ከሙጫው ለማላቀቅ ያግዛል። ከረጢቱን የሚከፍቱት ዕቃው የክፍሉን ሙቀት ካገኘ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። የኃይል ትራንዚስተሮቹ ከሣጥኑ ወለል ጋር በብሎን ወይም በሙቀት ማስተላለፊያ የተያያዙ ሊሆኑ ስለሚችሉ ወለሉን በኃይል አይጎትቱ።

ሞጁሉን ሁሉ ሳይሆን ሊደርሱበት ከሚፈልጉት ክፍል በላይ ያለውን ቦታ ብቻ እንደ መስኮት ይከፍታሉ። በመስኮቱ ላይ ያለውን ብዙውን ሙጫ በማሽን ያውርዱ፣ የመጨረሻውን ሁለት ሚሊሜትር በሙቀትና በእጅ። ለመጀመሪያው ክፍል ትንሽ ሮታሪ መፍጫ ከካርባይድ ጥርስ ጋር ይበቃል። ፍጥነቱ ከ5,000 እስከ 10,000 ዙር በደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ሲፈጥን ሙጫው ይሞቅና ጥርሱ ላይ ይለጠፋል። የብረት ጥርስ ቶሎ የሚደነዝዘው ሙጫው ውስጥ ሲሊካ ወይም አሉሚና ስለሚጨመር ነው። ያው ዱቄት ሳንባ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ አይወጣም። ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 ደረጃ ያለው ማስክ፣ የዓይን መከላከያና በሚፈጩበት ቦታ ላይ የሚስብ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ያስፈልጋል፤ የጨርቅ ማስክ እዚህ ምንም አይሠራም። ደረቅ ፍጭት የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ የቦርዱን ኔጌቲቭና የራስዎን እጅ ከመሬት ጋር ያገናኙ። በየግማሽ ሚሊሜትሩ ቆም ብለው በማጉያ ይመልከቱ፤ የመዳብ ብልጭታ ወይም የተለየ ቀለም ካዩ በዚያ ቦታ የማሽኑ ሥራ አልቋል። ምንነቱን የማያውቁት ነጭ ሴራሚክ ካጋጠመዎት ፈጽሞ አይፍጩት። በአንዳንድ የሬዲዮ ኃይል ትራንዚስተሮችና ሙቀት ማስተላለፊያዎች ውስጥ የቤሪሊየም ኦክሳይድ አለ፤ ብናኙ የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል።

ለእጁ ሥራ የሚሆነው ቀለም የሚልጠው ትልቅ ሆት ኤር ጋን ሳይሆን ሙቀቱ የሚስተካከል የብየዳ ጣቢያ ሆት ኤር ነው። ማሳያው ላይ የሚነበበው የአየሩ ሙቀት ስለሆነ ብዙ አይመኑት፤ የቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ጫፍ ሙጫው ላይ አስነክተው ገጹን ይለኩ። ከ80 ዲግሪ ጀምረው በየ10 ዲግሪው እየጨመሩ በጥርስ ሐኪም መንጠቆ ይሞክሩት፤ መንጠቆው ሳይንሸራተት ምልክት መተው የጀመረበት ነጥብ የእርስዎ ሙጫ የሚለሰልስበት ነው። ከዚያ 15 ወይም 20 ዲግሪ ከፍ ብለው ይሥሩ፣ ከ150 ግን አይለፉ። ይህ ገደብ የመጣው ከሙጫው ሳይሆን ከሌሎቹ ነው። እርሳስ ያለበት ብየዳ 183 ዲግሪ ላይ፣ እርሳስ የሌለው 217 ገደማ ላይ ይቀልጣል። ተራ ቦርድ ራሱ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች የተሠሩት ለ85 ወይም ለ105 ዲግሪ ስለሆነ በአቅራቢያ ካሉ በአሉሚኒየም ቴፕ ይከልሏቸው፤ ሊቀየሩ የታሰቡ ከሆነ ግን አይጨነቁላቸው።

ሙጫ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ላዩ ሲጋል አምስት ሚሊሜትር ወደ ታች ገና ቀዝቃዛ ነው። ችኩል ሰው ይህን ሲያይ ሙቀቱን ይጨምርና ጭስ ያወጣል። ማድረግ ያለብዎት ሙቀቱን ሳይጨምሩ በስሱ መሥራት ነው፦ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አሙቀው ያንን የለሰለሰውን አንድ ሚሊሜትር ያህል ይፋቁ፣ ደግመው ያሙቁ። መፋቂያው ከቦርዱ የለሰለሰ ይሁን፤ የተሳለ ቀርከሃ፣ የናስ ስንጥር ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ጥሩ ነው። ካቻቪቴ አይጠቀሙ። እንቅስቃሴው ከቦርዱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ መላጥ እንጂ ወደ ላይ መፈንቀል አይሁን። በትንንሾቹ ክፍሎች ሥር የገባው ሙጫ ከነሱ ጋር ተጣብቋል፤ ሞቆ ሳለ ወደ ላይ ከሳቡት መዳቡ በቦርዱ ላይ ያለው ይዞታ ስለሚላላ ክፍሉንና የተበየደበትን የመዳብ ማረፊያ (ፓዱን) አንድ ላይ ይነቅላሉ። በክፍሎቹ መካከል የቀረውን ሁሉ ማጽዳትም አያስፈልግም፤ የሚቀየረው ክፍል እግሮች ከተገለጡ ይበቃል። የሚቀየረውን ክፍል ደግሞ ለማዳን አይሞክሩ። ገላውን በፒንሳ ቆርጠው ያውጡ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ በብየዳ ያንሱ።

ተንኮለኛው ብልሽት ወዲያው የማይታየው ነው። ሴራሚክ ካፓሲተሮች ሲታጠፉ ወይም ጎናቸው ሲመታ በውስጣቸው ይሰነጠቃሉ፤ ያን ቀን ጤነኛ ይመስላሉ፣ በኋላ እርጥበት ሲገባባቸው ሾርት ይሆናሉ። የመስታወት ዳዮዶችና የፌራይት ኮሮችም እንዲሁ ተሰባሪ ናቸው። በመስኮቱ ዙሪያ የነበሩትን ሴራሚክ ካፓሲተሮች ጥርጣሬ ካለዎት አውጥተው በአዲስ ይተኩ፤ እየለኩ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም። የብየዳ ብረትን እንደ ማንኪያ አድርጎ ሙጫውን መቆፈር የሚወዱ አሉ። ጫፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የሚያደርገው ማክሰል ብቻ ነው።

መርፌው ገብቶልዎት ሙጫው ፖሊዩሬቴን ሆኖ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ በቁራጭ በቁራጭ ይላጣል። እዚህ ጥንቃቄው የሙቀቱ ጣሪያ ላይ ነው። ፖሊዩሬቴን ከመጠን በላይ ሞቆ ሲበሰብስ አይሶሳያኔት የሚባል ተን ይለቃል፤ ይህ አስም ያስይዛል፣ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣበት ደግሞ በኋላ ጥቂቱም ይበቃል። ስለዚህ ከ120 አይለፉ፣ ተኑን የሚስብ ማራገቢያም ይኑርዎት። ሲሊኮን በተቃራኒው ሙቀት አይሰማውም፤ በማቀዝቀዣ ቅዝቃዜም አይሰበርም። በቢላ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀው በጣት ይላጡት። የቀረውን ቶሉይን፣ ዛይሊን ወይም ሄፕቴን ውስጥ ሲዘፈዝፉት ያብጣል እንጂ አይሟሟም፤ አብጦ ሲፈረፈር በጠንካራ ብሩሽ ይጠረጋል። እነዚህ ሁሉ ተቀጣጣዮች ናቸው። ውስጡ እንደ ዝልግልግ ያለ ግልጽ ሲሊኮን የሞላበት የኃይል ሞጁል ከሆነ ግን አይንኩት። በውስጡ ስስ የአሉሚኒየም ሽቦዎች አሉ፤ በብሩሽ ሲነኩ ሊበጠሱ ይችላሉ።

አሁንም ስለ ኬሚካል ማወቅ ስለሚፈልጉ በግልጽ ልበለው። ኢፖክሲን በእውነት የሚያስፈራው ዳይክሎሮሜቴን ነው፤ አያሟሟውም፣ አሳብጦ ያፈረፍረዋል፣ ያውም በሰዓታት ወይም በቀናት። 40 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ በክፍል ሙቀት ይተናል፤ ተኑ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በዝግ ክፍል ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለተራ ሸማች በሚሸጥ ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ናይትራይል ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ተራ የካርቦን ማስክም ቶሎ ይሞላበታል። ለዕቃውም ቢሆን መልካም አይደለም፦ የትራንስፎርመር ሽቦ ቫርኒሽ ይልጣል፣ በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የጎማ መዝጊያ ዘልቆ ውስጡን አሉሚኒየም ያዝገዋል፣ ረዘም ሲል የቦርዱን ንጣፎች ያላቅቃል። ኤንኤምፒ የሚባለው አሟሚ በሙቀት ይሠራል፤ በቆዳ ይገባል፣ ፅንስንም ይጎዳል። ቤንዚል አልኮል ያለባቸው ማስለቀቂያዎች ጉዳታቸው ያነሰ ነው፣ ሥራቸውም እንዲሁ፤ በፋቁት ገጽ ላይ የቀረ ስስ ፊልም ለማለስለስ እንጂ ለወፍራም ሙጫ አይሆኑም። ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድን በተመለከተ የሚያነቡት ሁሉ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ዓላማው የአንድን አይሲ ሲሊኮን ቺፕ ለምርመራ መግለጥ ነው፤ ናይትሪክ አሲድ የቦርዱን መዳብ ሳይቀር ይበላል።

ማንኛውንም አሟሚ ከመሞከርዎ በፊት ትንሽ የሙጫ ፍርፋሪና ከሌላ የሞተ ዕቃ የተቆረጠ የቦርድ ቁራጭ በአንድ ክዳን ባለው የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ለ24 ሰዓት አብረው ያኑሯቸው። ቦርዱ ከሙጫው ቀድሞ ከተጎዳ መልሱን አገኙ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በደረቅ በረዶ አቀዝቅዞ በመዶሻ መስበርም ይወራል። ሙጫው ይሰበራል፣ አብረውት ሴራሚኮቹና ብየዳዎቹም ይሰነጠቃሉ። የሞተውን ዕቃ ለጥናት ለመክፈት ካልሆነ አይረባም።

አንዳንድ ሞጁሎች ደግሞ መከፈት ራሱ የለባቸውም። ሙጫው ቦታ መሙያ ብቻ አይደለም። አየር በአንድ ሚሊሜትር 3 ኪሎ ቮልት ገደማ ሲችል ሙጫ ብዙ እጥፍ ስለሚችል፣ ሠሪው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያላቸውን ክፍሎች በዚያው ልክ አጠጋግቷቸዋል። ከፍተው ሳይሞሉ ኃይል ከሰጡት ኤሌክትሪኩ በአየር ላይ ይዘላል። ሙቀትም በሙጫው በኩል ነው ወደ ሣጥኑ የሚወጣው፤ ስለዚህ የተከፈተውን ሞጁል የሚፈትኑት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ፣ ከረንቱ በተገደበ ፓወር ሰፕላይ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ፈንጂ ጋዝ ባለበት አካባቢ እንዲሠሩ በሙጫ የታሸጉ ዕቃዎች የሚሠሩት አይኢሲ 60079-18 በሚባለው ደረጃ መሠረት ነው፤ አንዴ ከተፈለፈሉ መልሰው ቢሞሏቸውም ያ ማረጋገጫ የለም፣ ወደዚያ ቦታ መመለስም የለባቸውም። የሕክምና መሣሪያዎችና ሊቲየም ባትሪ አብሮ የታሸገባቸው ሞጁሎችም በዚሁ ይቆጠሩ።

ለእርስዎ ሞጁል የምመክረው ይህን ነው። አሴቶኑ ተኖ ሲያልቅ የዳዮድ ልኬቱን ያድርጉ። ማንኛውም መውጫ ሾርት ካሳየ አይክፈቱት፣ ሞጁሉን በአዲስ ይተኩ። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያ የሽቦ መግቢያዎቹን ዙሪያ ብቻ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር በሚሆን መስኮት፣ በፍጭትና በሙቀት ይክፈቱ። ብልሽቱ እዚያ ከሌለና ካርታ ወይም የራጅ ፎቶ ካለዎት ወደ ካፓሲተሩ የሚወስድ ሁለተኛ መስኮት ይክፈቱ። ሁለተኛው መስኮት ላይ ካላገኙት ያቁሙ። ከዚያ ወዲያ የሚቆፍሩት እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከሚጠግነው ይልቅ የሚሰብረው ይበዛል፤ ያኔ ሞጁሉን መተካት ነው።

ከተሳካልዎት መስኮቱን መልሰው ይሙሉት፣ ግን በዚያው ጠንካራ ኢፖክሲ መሆን የለበትም። የተፈለፈለ ቦታ ያሉ ክፍሎች ቀድሞ ተጨንቀዋል፤ ለስላሳ ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ይሻላቸዋል። ከመሙላትዎ በፊት ብናኙን በቫኪዩም፣ የብየዳ ፍላክሱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ። አልኮሉ ተኖ ካለቀ በኋላ ሞጁሉን በ50 ወይም 60 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያድርቁ። ፖሊዩሬቴን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ፈጥሮ አረፋ ይሆናል፣ በአረፋው ውስጥም ቮልቴጅ ይዘላል። ሁለቱን ፈሳሾች በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን፣ አምራቹ በጻፈው ምጣኔ ይቀላቅሉ፤ የዕቃውን ጎንና ሥር እየጠረጉ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ከአንድ ጥግ በስሱ እያፈሰሱ ወደ ሌላው እንዲሄድ ይተዉት፤ መስኮቱ ከ15 ሚሊሜትር በላይ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ጊዜ ይሙሉ፣ በአንዴ የተሞላ ብዙ ሙጫ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ይግላልና። በሲሊኮን ልሙላ ካሉ በፕላቲነም የሚደርቀው ዓይነት በፍላክስ ቅሪት፣ በሰልፈርና በአንዳንድ የኢፖክሲ ማድረቂያዎች ምክንያት ሳይደርቅ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል በአንዲት ጠብታ ቦታው ላይ ይሞክሩት። ሙሉ ኃይልና ሙሉ ጭነት የሚሰጡት አምራቹ የጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለብዙዎቹ ያ ጊዜ በክፍል ሙቀት ከ24 ሰዓት እስከ አንድ ሳምንት ነው።